ሲጠሩት የሚመጣ ካርድ

ሰው ሲጠግብ በቃኝ ይላል። ስልክ ግን ድምፁን አጥፍቶ ሲጎርስ ሲጎርስ ይከርምና፣ «ሞላሁ» የሚለው ባለቤቱ በጣም በምትፈልገው ቀን ነው። የሲስተር ስልክ የተናገረው ማክሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ አንድ እጇ ላይኛው ብረት ላይ እንዳለ ነበር። ከታናሽ ወንድሟ ቪዲዮ መጥቷል። ቪዲዮው ያለበት ቦታ ላይ ግን የሚታየው ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ከሥሩ «ሚሞሪ ሞልቷል፤ መቀበል አልተቻለም» ይላል።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ወንድም ቪዲዮው እንቢ ካለው ይደውላል፣ መደወል ካልሆነለት ይጽፋል። የሲስተር ወንድም ግን አይደውልም፣ አይጽፍምም። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ትኩሳት ታመመና ከዚያ ወዲህ መስማት ተሳነው። መስማት ለተሳናቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው አልነበረምና፣ እናቱና እህቱ እቤት ውስጥ፣ በእጃቸው፣ ቀስ በቀስ አብረውት ቋንቋ ፈጠሩ። የጆሮን ጫፍ መንካት «እናት» ማለት ነው፤ ክብ ጉትቻ ከእናታቸው ጆሮ ስለማይለይ። አገጭ ላይ በጣት መስመር መሳብ «እህቴ» ነው፤ ሲስተር በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ እዚያ አለ። እጅን እንደ ዶሮ እግር አድርጎ ጠረጴዛ መጫር ደግሞ «ውሸት» ነው። ምክንያቱም ልጁ አንድ ቀን ብርጭቆ ሰብሮ በዶሮዋ ላይ አላከከ፣ ዶሮዋ ግን በዚያን ሰዓት በእናቱ ብብት ውስጥ ነበረች።

ይህን ቋንቋ በዓለም ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። እናትየው ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ ሁለት ቀሩ። አሁን የወንድሟ ሚስት እየተማረች ስለሆነ ሁለት ተኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ እሷ ግን ገና «ዝናብ መጣ» ለማለት ፈልጋ «ጨው መጣ» ትላለች።

ወንድምየው ሩቅ ከተማ አናጢ ነው። ቁጥርና የራሱን ስም እንጂ ሌላ ማንበብ አይችልም። የከተማው ኔትወርክ ደካማ በመሆኑ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት አይሆንላቸውም፤ እጁ ቃሉን ሳይጨርስ መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ቀድቶ ይልካል፣ ሲደርስ ይደርሳል። ቪዲዮው ካልገባ ወንድሟ ዝም አለ ማለት ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ዝም የሚባልበት ጊዜ አልነበረም፤ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። «ስትወልድ ከሁሉ በፊት የምነግረው ላንቺ ነው» ብሏት ነበር፣ በእጁ፣ አገጩን ሁለቴ እየነካ።

ሲስተር የቤት ለቤት ነርስ ናት። ክሊኒኳ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ታማሚዎች አሉት፤ ነርሶቹ በየቤቱ እየዞሩ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ግፊት ይለካሉ። የታማሚዎቹ ካርድ ድሮ ወረቀት ነበር፣ አሁን በነርሶቹ የግል ስልክ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ አንዲት ነርስ ታማሚ ቤት ያለ ካርድ ባዶ እጇን ስለቆመች፣ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ስልክ ሁሉንም ካርድ ይያዝ» ተባለ። ሲነገር ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን በየካርዱ ውስጥ በየሳምንቱ የሚነሣ የቁስል ፎቶ አለ፣ ካርዱም በየሳምንቱ ይወፍራል። ሲስተር ቀኑን ሙሉ ስትዞር የምታውቃቸውንም የማታውቃቸውንም፣ የአንድ ሺህ ሰው ቁስል ኪሷ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው።

ነገሩን ለኃላፊዋ ነገረቻት። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሥራ የበዛባት ሴት ናት።

«የግልሽን አጥፊያ፣ ሲስተር» አለቻት ቀና ሳትል። «የታማሚ ካርድ ለፊልም ቦታ አይለቅም።»

ሲስተር «ፊልም አይደለም» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ስለ ወንድሟ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አትወድም፤ ሰው ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያ ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ያበሽቃታል። ፋሻና ጓንት የሚቀመጥበት ዕቃ ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ ማጥፋት ጀመረች።

መጀመሪያ ወንድሟ የሠራውን ቁም ሣጥን የሚያሳይበትን አጠፋች። ቀጥላ ስለ ጎረቤቱ ውሻ የሚያማበትን። ሦስተኛው እናታቸው ያለችበት ነበር፤ ልብስ ስታጥብ በአረፋ እጇ «እህትህን በላት፣ ደሞዝ ከበላች ወዲህ ጠፋች» ብላ በምልክት ስትተርባት። ጣቷ ለምን እንደቸኮለ አታውቅም። ከተጫነችው በኋላ ነው ልቧ ስንጥቅ ያለው። ከእናቷ ጋር የነበሩት ቪዲዮዎች አምስት ነበሩ፣ አሁን አራት ሆኑ። ጉንጯ እስኪርስ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ።

በዚህ መሃል በሩ በትንሹ ተከፈተ፣ አንድ እጅ ገባ፣ መብራቱን አጠፋና ወጣ።

«እንዴ!» አለች ሲስተር ከጨለማው ውስጥ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። «ሰው አለ እንዴ? ሰው ካለ ምነው ድምፁ አይሰማ? አምፖሉ በከንቱ የሚነድ መስሎኝ ነው።»

ቆጣቢው ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት በካርድ ክፍል የሠራ፣ መደርደሪያዎቹ ተነቅለው ኮምፒውተር ሲገባ «አርጅተሃል፣ ጡረታ ውጣ» ሲሉት እንቢ ብሎ፣ ኮምፒውተሩን ራሱ ተምሮ፣ አሁን ካርዶቹ ያሉበትን ሲስተም የሚጠብቅ ሰው ነው። ወረቀት በሁለቱም ገጽ ይጽፍበታል፣ ከዚያም በጠርዙ። እርሳሱ አልያዝ እስኪል ድረስ ይቀርፀዋል። ነርሶቹ «ቆጣቢው ሲያነጥስ እንኳ ግማሹን ለነገ ያስቀምጣል» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም ሲሰማ ይስቃል፣ ባጭሩ።

«አለቀስሽ?» አላት።

«አይ ጋሼ፣ አቧራ ነው።»

«እጅሽን እንደ ዶሮ ካርቶኑ ላይ የምታደርጊው ምንድነው?»

ሲስተር እጇን አየችው። ለካ ሳታስበው ካርቶኑን እየጫረች ነበር፤ በቋንቋቸው «ውሸት» እያለች። ሳቅና ልቅሶ ተጋጩባት። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልሆነላትም፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ወንድሟን፣ እናቷን፣ ግራጫውን አራት ማዕዘን፣ የሚወለደውን ልጅ። ከቀሩት አራቱ አንዱን ከፍታ አሳየችው። ቆጣቢው መነጽሩን ገፍቶ፣ በስልኩ መስታወት ውስጥ ጉትቻዋ የሚወዛወዝ ሴት እጆቿን ስታፋጥን አየ። ከንፈሩን አልመጠጠም።

«ምን እያሉ ነው?» አለ።

«‹ልጄ ስልክ ሲሰጧት እናት እንዳላት ረሳች› እያለች ነው።»

«እውነታቸውን ነው?»

«ያኔ እውነቷን ነበር።»

ስልኩን መለሰላት። «ወደ ኮምፒውተር ገልብጠሽ ብታስቀምጪውስ?»

«አንዴ በፍላሽ ገልብጬ ነበር፣ ፍላሹ ከጋውኔ ጋር ታጠበ። ደግሞ ጋሼ፣ የድሮውን ባስቀምጥ የሚመጣው የት ይገባል? ካርዱ እንደሆነ በየሳምንቱ ቦታ ይበላል።»

«በቀን ስንት ታማሚ ታያለሽ?»

«ዘጠኝ። ሲበዛ አስር።»

«የተሸከምሽው ስንት ካርድ ነው?»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ።»

ቆጣቢው እጁን ዘርግቶ መብራቱን አበራ። ይህ በራሱ ለማውራት የሚበቃ ነገር ነው፤ ያጠፋውን አምፖል መልሶ ሲያበራ ያየው ሰው የለም።

«ብክነት!» አለ፣ ሰው እንደሰደበው ሁሉ ፊቱ ቀልቶ። «እኔ ካርድ ክፍል ሳለሁ ታማሚ ይመጣል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ያንን አንድ ካርድ አወጣለታለሁ፣ ሲጨርስ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። መደርደሪያውን ተሸክሞ ሐኪም ጋ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ካርዱ ዋናው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥ። አንቺ የምትፈልጊውን ስትጠሪ ብቻ ይምጣልሽ፣ የጻፍሽበትን ይዞ ይመለስ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብኝ ጋሼ» አለች። «ሰው ቤት ደርሼ ብጠራው ባይመጣስ?»

«ላሟ ሰማይ ላይ አይደለችም። እታች፣ ምድር ቤት ነው ያለችው፣ እኔ ነኝ የማልባት» አላት። «ከበር ሳትወጪ የቀኑን ዘጠኙን ትጠሪያለሽ፣ መጥተው ኪስሽ ይገባሉ። ከዚያ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ምን ቸገረሽ?»

አስራ አንድ ቀን ፈጀበት። እሷ ከሥራ ስትመለስ በመስኮቱ ታየዋለች፤ ጎብጦ፣ በፖስታ ጀርባ ላይ ነገር እየሣለ፣ አንዱን የሻይ ቅጠል ለሁለት ኩባያ እያጠጣ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም።  ሰው ለወንድምህ ለቅሶ ይደርሳል፣ ለሠርጉም ይደርሳል፤ ለማያውቀው ወንድምህ እጅ መንገድ ለመጥረግ አስራ አንድ ቀን የሚቀመጥ ግን ብዙ አይገኝም።

ኃላፊዋ ሰማችና በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች። «ሁለት ሳምንት፣ በሲስተር ስልክ ብቻ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ታማሚ ቤት አንድ ካርድ ቢጠፋ፣ ወይም ስልኩ መልሶ ቢሞላ፣ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል። ያኔ የግልሽን ታጠፊያለሽ፣ ሙግት የለም።» ሲስተር እሺ አለች። ምን ታድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ሰኞ ዕለት አዲሱ ተጫነ። ስልኩ ሸክሙን እንደጣለ አህያ ተነፈሰ። ከቀትር በፊት ግራጫዎቹ አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። አራት ነበሩ የታገዱት። ወንድሟ በአንዱ የሕፃን አልጋ እየሠራ ነው፣ በአንዱ «ሆዷ ወርዷል» ይላል፣ በሦስተኛው ሚስቱ ራሷ ብቅ ብላ በኩራት «ጨው ሊመጣ ነው» ትላለች፣ በአራተኛው ወንድሟ አገጩን እየነካ «ምነው ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ?» ይላታል። ይሄኛው አንጀቷን በላት። ታማሚ ቤት በር ላይ ቆማ፣ የቆጣቢውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ ቀድታ ላከችለት፤ ለቆጣቢው ምልክት ስላልነበራት «ያ ሰውዬ» እያለች።

ዓርብ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ስልኩ መልሶ ሞላ።

ኃላፊዋ አልጮኸችም፤ «ጋሼ፣ ሥራህ ቀዳዳ አለው» ብቻ አለች። «የጋራ ሥራችን ነውና እስከ ሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ልያዝላችሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም።»

ቆጣቢው ስልኩን አጸዳላትና ቅዳሜና እሑድን ዋናው ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ዋለ። የሠራውን ከላይ እስከ ታች መረመረ። የተከፈተ ካርድ ለአንድ ሳምንት ስልኩ ላይ እንዲቆይ አድርጎ ነበር፣ ለጥንቃቄ። ነገር ግን ሲስተር በሳምንት የምታየው ሃምሳ ሰው ነው፤ ሃምሳ ካርድ ስልክ አይሞላም። ማን የትኛውን ካርድ መቼ እንደጠራ የሚያሳየውን ዝርዝር አገላብጦ አየውና ራሱን ያዘ። ከሲስተር ስልክ፣ ሰኞ ጠዋት አዲሱ እንደተጫነ፣ ከቁጥር አንድ እስከ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ያሉት ካርዶች በተራ ተከፍተዋል። ማክሰኞ ከሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ይቀጥላል። ዓርብ ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባው ሞልቷል። ሰው እንዲህ አይሠራም፣ ይህ የማሽን ብልሽት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ደመደመ፣ እንቅልፍም አጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ገና ሰው ሳይገባ ክሊኒኩ ደረሰ። በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ዋይፋዩ በሚበረታበት መስኮት ሥር፣ ሲስተር ነጭ ጋውኗን ለብሳ ቆማለች። ስልኳን በአውራ ጣቷ ትነካለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ሦስት መቶ አስራ ሁለት፣ አለህ። ሦስት መቶ አስራ ሦስት፣ አለሽ እማማ። ሦስት መቶ አስራ አራት፣ አለህ…»

«ሲስተር» አለ ቆጣቢው ድምፁ ሰልሎ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየተረከብኩ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተር ሥራ የለመደችው በሆስፒታል ዋርድ ውስጥ፣ በአንዲት ቁጡ አሮጊት የነርሶች አለቃ፣ በሜትሮኗ ሥር ነበር። ሜትሮኗ ተረኛ ስትለዋወጥ ወረቀት ላይ ፈርሞ መረከብን አትቀበልም። «በዓይንሽ ያላየሽውን ታማሚ አልተረከብሽም» እያለች፣ ከአልጋ አልጋ አስዙራ፣ የእያንዳንዱን አልጋ እግር በእጅ አስነክታ ነው የምታስረክበው። ሲስተር ይህን ልማድ ሃያ ሁለት ዓመት ይዛው ኖራለች። ካርዶቹ ከስልኳ ወጥተው ዋናው ኮምፒውተር ሲገቡ በዓይኗ የምትረከበው አጣች። በሁለት ሳምንቱ ውስጥ አንድ ካርድ ቢጠፋ የወንድሟም እጅ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማ እየመጣች፣ ለአምስት ቀን ከፍላ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች መኖራቸውን ታረጋግጥ ነበር።

ቆጣቢው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ያን ቀን ምንም አላስቀመጠም፣ ሁሉንም ሳቀው።

«እህቴ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ስትከፍቺው እኮ ነው የሚመጣው! ‹አለህ ወይ› ብለሽ ስትጠሪው ‹አለሁ› ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ይመጣልሻል!»

ሲስተር ነገሩ ሲገባት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ! አንተን ደግሞ እንቅልፍ አሳጣሁህ። ከዛሬ ጀምሮ እተወዋለሁ ጋሼ።»

«አትተዪውም» አለ ቆጣቢው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ። «የረሳሁት እኔ ነኝ። ካርድ ክፍል ሳለሁ አንድ ካርድ ሲወጣ በቦታው ብጣሽ ወረቀት አስቀምጥ ነበር። ካርዱ የት እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው ይናገራል። መደርደሪያውን ሳትነካኪ በዓይንሽ ብቻ ትቆጥሪዋለሽ። ላንቺ ካርዱን ወሰድኩብሽ፣ ብጣሹን ግን አልሰጠሁሽም። ያላየሽውን እንዴት ትረከቢያለሽ? ሜትሮኗ ልክ ናት።»

በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ድካሙ ላይ፣ «ሞኝ» ብሎ ቢሰድባት ማን ይፈርድበታል? ሲስተር ይህን ንግግሩን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ሐሙስ ጠዋት ብጣሾቹ ደረሱላት። አሁን ስልኩ ላይ የሁሉም ታማሚ ስም በዝርዝር አለ፤ ስምና ቁጥር ብቻ፣ አንድ ፎቶ የማያህል። ካርዱ ዋናው ኮምፒውተር ውስጥ በደህና ካለ ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። የቀኑን ታማሚዎች ስትነካ ከነሙሉ ካርዳቸው ይመጡና ነጥባቸው ሰማያዊ ይሆናል። ከሥራ ስትመለስ የጻፈችው መድረሱ ሲረጋገጥ፣ ካርዱ ከስልኩ ይለቅና አረንጓዴው ይመለሳል። ሲስተር ጣቷን በዝርዝሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራተተች። ርክክቡ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አንድም አልጎደለም።

ዓርብ የሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ነበር። ዘጠኙን ይዛ ወጣች። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠነኛውን ጨርሳ መንገድ ላይ ሳለች ኃላፊዋ ደወለች። አንዲት ነርስ ታማ ቀርታለች፣ የሷን አንድ ታማሚ ሲስተር ትያዝ። ታማሚው ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ የእግር ቁስል፤ ቤታቸው ምድር ቤት ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም።

ሲስተር ሕንፃው ደጃፍ ደርሳ ወደ ታች የሚወርደውን ጠባብ ደረጃ አየችው። በቀደመው ልማዷ ቢሆን ዝም ብላ ትወርድ ነበር። ቆመች። የሰዓት ሠሪውን ስም ፈልጋ ነካችው። ነጥቡ መዞር ጀመረ። አንድ ደቂቃ ዞረ። አንዲት ሴት የገበያ ዘንቢል ይዛ «ልለፍ» ብላ ገፍታት አለፈች። አሁንም ይዞራል። ሲስተር ስልኩን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሞኝ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በእግሯ ጣት ቆመች። ነጥቡ ሰማያዊ ሆነ።

ምድር ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን ንጹሕ፤ ግድግዳው ላይ አስራ ሦስት ሰዓቶች አሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይቆጥራሉ። ሽማግሌው እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

«አዲስ ነሽ ልጄ። ሌላዋ የት ሄደች?»

«አሟት ነው አባባ። ዛሬ እኔን ይቻሉኝ።»

ስልኩን ዘረጋች። ካርዱ ሙሉውን ተከፈተ፣ የስድስት ወር ፎቶ ከነቀኑ። ከላይ፣ ሌላዋ ነርስ በትልቁ «ተጣባቂ ፕላስተር ቆዳቸውን ይልጣል፣ በፋሻ ብቻ ይታሰር» ብላ ጽፋለች። ሲስተር አስቀድማ አውጥታ ያዘጋጀችውን ፕላስተር መልሳ ቦርሳዋ ከተተችው። ካርዱ ባይኖር ኖሮ ለጥፋው ነበር፤ ፕላስተሩ ሲላጥም ቆዳቸው አብሮ ይነሣ ነበር። ቁስሉን አጥባ፣ በፋሻ አስራ፣ ፎቶ አንስታ፣ ጻፈች።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ ሽማግሌው። «አላመመኝም።»

«የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው፣ አባባ» አለች።

ደረጃውን ስትወጣ፣ የመንገዱ ብርሃን ፊቷን ሲነካት ስልኩ ጢን አለ። ከወንድሟ ቪዲዮ ነው። ግራጫ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ገባ፤ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ወንድሟ የመጋዝ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው። ዓይኑ ያበጠ ይመስላል። ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ክንዱ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አቅፏል። በአንድ እጁ ነው የሚያወራው። «ሴት ናት» አለ። «እናትዋ ደህና ናት። ተኝታለች።» ከዚያ ሕፃኗን ዝቅ ብሎ አያት፣ ቀና አለና የጆሮውን ጫፍ ነካ፤ ወዲያው ሁለት ጣቶቹን አቀራርቦ «ትንሽ» አለ። ትንሿ እናት። ስሟ ይህ ነው። ሲስተር ያጠፋችው ቪዲዮ ትዝ አላት፣ ያ አረፋ ያለበት እጅ። እሱ አይመለስም። ግን የእናቷ ስም ዛሬ ከአንድ ሰው ጆሮ ላይ እንደገና ተነሥቷል።

ወንድሟ ቀጠለ። «ትሰማለች አሉኝ። ግድ የለም፤ እጅም አላት።» ሳቀ። በመጨረሻም ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ «ያ ሰውዬ፣ ቦታ ያስለቀቀልን፣ ስሙ ማን ነው? ለልጄ ልነግራት ነው» አለ።

ሲስተር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰው እስኪያያት ድረስ አለቀሰች፤ ይሄኛው አቧራ ነው ብላ የምትክደው አልነበረም።

ክሊኒኩ ስትደርስ ኃላፊዋ የቆጣቢው ክፍል በር ላይ ቆማለች። «አንድም ካርድ አልጠፋም፣ ስልኩም ግማሹ ባዶ ነው» አለች፤ «ከሰኞ ጀምሮ የሁሉም ነርሶች ስልክ ላይ ይጫን።» ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ «ሲስተር፣ ፊልም ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ጋሼ ነገረኝ» አለቻት። ሲስተር ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ከዚያ ስልኩን ለቆጣቢው ሰጠችው፤ እያንዳንዱን ምልክት እየተረጎመችለት እስከ መጨረሻው አሳየችው። ስለ ስሙ የተጠየቀው ላይ ሲደርስ አቆመችው።

«በኛ ቋንቋ ስም ያላቸው አምስት ሰዎች ናቸው» አለችው። «እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔ፣ ሚስቱ፣ ዛሬ ደግሞ ልጅቷ። ስድስተኛው አንተ ነህ። አስቤበት ነው የመጣሁት።» እጇን አንስታ፣ አውራ ጣቷን በአየር ላይ ወደ ታች ቀጭ አደረገችው፣ ሰው መብራት እንደሚያጠፋ።

ቆጣቢው እጇን አየ። አውራ ጣቱን አነሣ፣ እሱም ቀጭ አደረገው። እንደገና ሞከረው። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

«ይሄ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ከዚህ የበለጠ ቃል በሁለቱም ቋንቋ የለኝም።»

 ኮቱን አነሣ፣ አንዱን እጅጌ አጥልቆ ሌላውን ሳያጠልቅ ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ አውራ ጣቱ አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር። መብራቱን እንደበራ ትቶት ሄደ። በሠላሳ አንድ የሥራ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሲስተር ተነሥታ ወደ ማጥፊያው ሄደች። አውራ ጣቷን አሳርፋ በስሙ ጠራችውና አጠፋችለት።